ከእግር በታች ያለው ጽዳት

የአንድ ከተማ ሥልጣኔ በአደባባዩ ስፋትና በቤቶቹ ቁመት ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የከተማን ጤና ከሚጠብቁት ነገሮች ዋነኛው፥ ከዐይን ተሰውሮ ከመሬት በታች የተዘረጋው የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ሰው ቆሻሻውን በውኃ ለቆ ፊቱን ሲመልስ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ጉዳዩ ግን የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧው ደኅና ሲሆን የሚያስታውሰው የለም፤ በታፈነ ጊዜ ግን ቆሻሻው ወደ መጣበት ቤት ይመለሳልና የማያስታውሰው አይገኝም።

ይህን ነገር በብርቱ መከራ ከተማሩት ከተሞች አንዷ የእንግሊዝ ዋና ከተማ ሎንዶን ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. ኮሌራ ሕዝቧን በፈጀ ጊዜ፥ ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ከነበረው መቅጃ በሚጠጣው በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ አመለከተ። ከአራት ዓመት በኋላም፥ በ1858 ዓ.ም. በሙቀቱ ወራት፥ ከቴምዝ ወንዝ የተነሣው ክርፋት የፓርላማውን ሰዎች እስከ ማስጨነቅ ደረሰ። ያን ጊዜ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ያቀደው ሥራ ተፈቀደለትና፥ ከ130 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋና የፍሳሽ መስመር በጡብ አሠራ። ይህም ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ከተማይቱን ያገለግላል።

ይሁን እንጂ የተሠራ ነገር ሁሉ ጠባቂ ይሻል። በ2017 ዓ.ም. በዚያችው በሎንዶን፥ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ሥር ባለው አሮጌ መስመር ውስጥ፥ ርዝመቱ 250 ሜትር፥ ክብደቱም 130 ቶን የተገመተ የስብ ቋጥኝ ተገኘ። ይህ ቋጥኝ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከየወጥ ቤቱ የፈሰሰው ዘይትና ሞራ፥ በየመጸዳጃው ከተጣለው እርጥብ ሶፍት ጋር ተጣብቆ የፈጠረው ነው። ስብ በቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ይጠጥራል። እርጥብ ሶፍትም ክሩ በውኃ አይፈታምና፥ ጭድ የምርጊቱን ጭቃ እንደሚያያይዝ ስቡን ያያይዘዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለበጎ ነገር ነበር፤ በቧንቧ ውስጥ ግን የጥቂት በጥቂት ቆሻሻ ማኅበር ከተማን ያስራል። ሠራተኞቹም በኃይለኛ ውኃና በአካፋ ለብዙ ሳምንታት ደክመው መስመሩን ከፈቱት። ከቋጥኙም ጥቂቱ በ1 ዓመት ውስጥ፥ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ለሕዝብ ትምህርት እንዲሆን በከተማይቱ ሙዚየም ታየ።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኃይለኛ ውኃ አሠራሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በመኪና ላይ የውኃ ታንከር፥ ብርቱ ፓምፕና በመጠቅለያ ላይ የተጠመጠመ ረጅም ጎማ ይጫናል። በጎማው ጫፍ ያለው አፈሙዝ ቀዳዳዎቹ የሚበዙት ወደ ኋላ ነው። በታንኳ ያለ ሰው ዳሩን በዘንግ ወደ ኋላ ሲገፋ ታንኳው ወደ ፊት እንደሚሄድ፥ አፈሙዙም ውኃውን ወደ ኋላ ሲተፋ ራሱን ወደ ፊት እየገፋ ጎማውን ይጎትታል። የውኃው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ በየቤቱ ቧንቧ የሚመጣው ግን ከጥቂት ባር አያልፍም።

ብልኅ ሠራተኛ ጎማውን የሚያስገባው ከተዘጋው ስፍራ በታች ባለው ማንሆል በኩል ነው። አፈሙዙ ፍሳሹን ተቃውሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ በተሳበ ጊዜም አሸዋውንና ስቡን ሁሉ እየጠረገ ወደ ማንሆሉ ያመጣዋል። በዚያም ቆሻሻው በመምጠጫ መኪና መነሣት አለበት። ተፈንቅሎ ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ፥ ከአንዱ ሰፈር ለቆ የሚቀጥለውን ይዘጋልና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ደግሞም ቧንቧው አርጅቶ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ከልክ ያለፈ ግፊት ጉዳቱን ያብሰዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በካሜራ መመርመር ይበጃል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ ሰውን ከጉድጓድ ማዳኑ ነው። በፍሳሽ ጉድጓድ የሚከማቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ስሜት ያደነዝዛልና፥ ሰውየው ሽታው ጠፋ ሲል ሞት አጠገቡ ይቆማል። ጓደኛውም ሊያወጣው ያለ መከላከያ የገባ እንደ ሆነ እርሱም በዚያው ይወድቃል። በህንድ አገር በ2013 ዓ.ም. ሰው ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ገብቶ እንዳያጸዳ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ሆኖም ሕጉ ከወጣ በኋላም በዚህ ሥራ ብዙ ድኾች ሞተዋል። ሕግ ያለ መሣሪያና ያለ ተቈጣጣሪ ሕይወትን አያድንምና።

ኃይለኛው ውኃም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆዳን ሰንጥቆ ቆሻሻውን ወደ ሥጋ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ቁስሉ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ስለሚመስል የተናቀ እንደ ሆነ፥ እጅን ወይም እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ አፈሙዙ ወደ ቧንቧው ሳይገባ ፓምፑ ሊነሣ፥ ጋዙም ሳይለካ ወደ ማንሆል ሊገባ፥ ሠራተኛም ከላይ የሚጠብቀው ሳይኖር ብቻውን ሊወርድ አይገባም።

በአዲስ አበባም ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወርዱ የፍሳሽ መስመሮች አሉና፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የወጡ ቅባትና የተጠበሰበት ዘይት፥ የቡናው አተላ፥ ዳይፐሩና እርጥቡ ሶፍት ስፍራቸው የደረቅ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ቧንቧ አይደለም። የማንሆል ክዳን አንሥቶ ጥራጊ የሚጥል ሰውም፥ የራሱን ደጅ ያጸዳ ቢመስለው የጎረቤቱን ቤት እንደሚያጥለቀልቅ ይወቅ።

እንግዲህ ሥራው የሁለት ወገን ነው። መስመሩ ሳይዘጋ በየጊዜው እንዲጠረግ መሣሪያውንና መከላከያውን ማሟላት የመሥሪያ ቤት ግዴታ ነው፤ የማይገባውን ነገር ወደ ቧንቧ አለመጣል ደግሞ የየቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው። ሌሊት ተነሥቶ የሌላውን ሰው ቆሻሻ የሚያስወግደው ሠራተኛ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ሳይሆን፥ እንደ ሐኪም ሊከበር የሚገባው ነው። ሐኪም የታመመውን ያድናል፤ ይህ ሠራተኛ ግን ሰው እንዳይታመም ይደክማል። በመጸዳጃ የሚጣለው እያንዳንዱ ነገር በመጨረሻ የአንድ ሰው እጅ እንደሚጠብቀው ያሰበ ሰው፥ ያን እጅ ከአደጋ ለማዳን የራሱን እጅ ይሰበስባል።