መድኃኒት የሚያስጥል ፈውስ

እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህ ኤድስን በዕፅዋት እንደሚፈውሱ አስታወቁ። ሕሙማኑ ሲቀቡና ሲጠጡ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ታዩ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጀመሩትን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንዲያቋርጡ ታዘዙ። በነገሩ ላይ ጥርጣሬያቸውን ያሰሙት የተባበሩት መንግሥታት ተወካይም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ ብዙ ሕሙማን ለጸበል በሠፈሩበት በእንጦጦ ጉዳይ ተናገሩ። ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መጣል አያስፈልግም የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። ሁለቱም መሪዎች ከሆስፒታል ውጭ ፈውስ አለ ብለው የሚያምኑ ነበሩ። አንዱ መድኃኒት አስጣሉ፣ ሌላው አላስጣሉም። የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰው አማራጭ ሕክምና ፍለጋ ሲወጣ በሕይወት መመለሱን የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ጸበልና ስለ ባህል ሕክምና የምናደርገው ክርክር ግን «ያድናል ወይስ አያድንም» ላይ ቆሞ ይህን ጥያቄ ሲያልፈው ዓመታት ተቆጥረዋል።

ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት የወጣው ሰው ሐኪም ንቆ የወጣ አድርጎ መናገር ታሪኩን ማዛባት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1986 ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሆስፒታሉ ለአብዛኛው ሰው የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት ከፍሎ መግዛት ለቻለ ብቻ ነበር። ጸበሉ ግን ከፋይና ምስኪን አይለይም። መድኃኒቱ በነፃ ሲመጣም ብዙዎች ከተራራው ያልወረዱበት ምክንያት ስንፍና አይደለም። የዚያን ጊዜዎቹ ክኒኖች ከባድ ነበሩ። በተለይ ስታቩዲን የሚባለው እግርን እያደነዘዘ ያቃጥላል፣ የፊትን ስብ አሟጥጦ ጉንጭን ያጎደጉዳል። ሰው ሕመሙን የደበቀበትን ፊት መድኃኒቱ ራሱ ያጋልጥበት ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ ከጥቅም እንዲወጣ ምክር የሰጠው በ2009 ነው። በዚያ ላይ ክኒኑ በየ12 ሰዓቱ መዋጥ ነበረበት፤ ጸበል ደግሞ ምንም ሳይቀመስ በማለዳ ነው። አጥማቂው «ሁለት ልብ አትሁን» ሲል፣ ነርሷ «መድኃኒት አቋርጠህ የት ከረምክ» ብላ ስትቆጣ፣ ታማሚው ለሁለቱም መዋሸትን ይለምዳል።

ታማሚው ጸበሉ ቦታ የሚያገኘውን ነገር ሐኪሞች አቃለው ማየታቸው ስህተት ነው። ለሁለት ሱባኤ የገባ ሰው ከመጠጥና ከጫት ይርቃል፤ እንደ እሱ የታመሙ ሰዎች ያጽናኑታል፤ «ምን ሆነህ ነው» የሚል ጠያቂ ያገኛል። የሕክምና ተቋሙ ወረፋ አስጠብቆ፣ ጥቂት ደቂቃ አይቶ፣ የወሩን ክኒን ቆጥሮ ይሸኘዋል። አንድ ቀን አሞት በሚሻለው በሽታ ይህ አይጎዳም። ዕድሜ ልክ አብሮ ለሚኖር ሕመም ግን ሰው ክኒን ብቻ አይበቃውም። ሩቅያ (በቁርኣን የሚደረግ ፈውስ) ፍለጋ የሚሄደውም፣ በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የፈውስ ጸሎት የሚሰለፈውም ይህንኑ ይፈልጋል።

አደጋው የሚመጣው የማቋረጡ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው፤ አደጋውን የሚያባብሰው ደግሞ ቅጣቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በደም ውስጥ እንደገና መራባት የሚጀምረው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ታማሚው ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም ላይሰማው ይችላል። እንዲያውም የመድኃኒቱ ማቃጠልና ማቅለሽለሽ ስለሚተወው «ተሻለኝ» ይላል፤ ውሸትም አይደለም፣ በእርግጥ ተሽሎታል። በእነዚህ ወራት የሚሰጠው ምስክርነት ሌላውንም ሰው መድኃኒት ያስጥላል። የድሮው የመድኃኒት ቅልቅል ሌላም ጣጣ ነበረው፦ ሦስቱ በአንድ ቀን ቢቋረጡም ኔቪራፒን የሚባለው ከሌሎቹ ዘግይቶ ከደም ስለሚወጣ ብቻውን የቀረበት ጊዜ ቫይረሱን ያለማምደዋል። ስለዚህ ተመልሶ ሲጀመር የማይሠራበት አጋጣሚ ነበር። ማቋረጥ ይጠቅም ይሆናል ብለው ያሰቡ ሐኪሞችም ነበሩ። በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት የሰውነት መከላከያ ኃይላቸው ጥሩ የሆነ ሕሙማን መድኃኒቱን እያቋረጡ ቢወስዱ ምን እንደሚሆን ፈተሸ። ውጤቱ በ2006 ሲታተም፣ ያቋረጡት ለሞት ወይም ለተጓዳኝ በሽታ የመጋለጣቸው ዕድል ካላቋረጡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የእንጦጦ ጸበልተኛ የከፈለውን ዋጋ በሐኪም እጅ የነበሩትም ከፍለውታል።

ሌሎች በሽታዎች የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመርት የስኳር ታማሚ መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የደም ግፊት ታማሚ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ቆይቶ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታልን በድንገት ሲተው ደግሞ በሽታው ከቀድሞው ብሶ፣ መጣሉ ሳያባራ እየተደጋገመ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ያን ጊዜ ከጎኑ ያለው ሰው መጣሉን የክፉ መንፈስ መቆጣት አድርጎ ያየዋል እንጂ የክኒኑን መቋረጥ አያስብም። ለሁሉም «እስኪ ሰባት ቀን ሞክረው» የሚል አንድ ምክር የሚሰጥ ሰው አንዱን ላይጎዳ፣ ሌላውን ሊገድል ይችላል።

«ታዲያ የተፈወሱት ምስክሮችስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ መጠን በመሣሪያ እስከማይታይ ሊወርድ ይችላል። «አልታየም» የሚለውን ወረቀት «ነፃ ነህ» ብሎ ያነበበ፣ ክኒኑን ደብቆ እየዋጠ ጸበል የሚጠመቅ ሰው የሚመሰክረው ለጸበሉ ነው። ተአምር የለም ለማለት አይደለም፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። ነገር ግን ተአምር ቢኖር ክኒን መዋጥ የሚከለክለው አይመስለኝም። መጽሐፈ ሲራክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያለ መጽሐፍ ነው፤ 38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው የሚል አጥማቂ ከሐኪም በፊት ከዚህ ምዕራፍ ጋር ይሟገት።

ከሐኪሞች ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ሁለቱም ይሁን» ማለት ላልተረጋገጠ ነገር ማኅተም መስጠት ነው ይላሉ፤ ደቡብ አፍሪካንም ይጠቅሳሉ። በፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ዘመን የጤና ሚኒስትሯ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ሲመክሩ መድኃኒቱ ዘገየ፤ በዚህ ሳቢያ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ገምተዋል። በ2011 ደግሞ ታንዛንያ ሎሊዮንዶ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ቄስ በ500 ሽልንግ በሚሰጡት ኩባያ ጭማቂ ምክንያት መኪናው ለኪሎ ሜትሮች ተሰልፎ ነበር። ሰው ወረፋ ላይ እያለ ሞተ፤ መድኃኒት የተዉም ነበሩ።  ግን ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት መድኃኒት በሌላ ነገር ሲተካ የሚደርሰውን ነው። አብሮ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን በናይጄሪያና በጋና ተፈትሾ በ2020 ላንሴት ላይ ታትሟል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በባህልና በእምነት ፈዋሾች ግቢ እንዳሉ የጤና ሠራተኛ እየሄደ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ከ6 ወር በኋላ ሕመማቸው ይህ ካልተደረገላቸው ይበልጥ ቀልሎ ተገኝቷል። ማንም ከፈዋሹ እንዲለይ አልተጠየቀም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ጸበል ውኃ ነው፤ ከክኒን ጋር አይጣላም። የሚዋጥ ቅጠልና ሥር እንደዚያ አይደለም። ኮሶ የኮሶ ትልን ያወጣል፤ ሲበዛ ግን መርዝ ነው። የእንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት በዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ተገኝቶ ለቢልሃርዝያ መከላከያ ታስቧል፤ ይህ ግን እንዶድ ይጠጣ ማለት አይደለም። የባህል መድኃኒት ኃይል ካለው ጉበትና ኩላሊት ላይም ኃይል አለው። ስለዚህ የባህል ሐኪሙ ምን እንደሰጠ ለሆስፒታሉ መንገር የግድ ነው፤ ለመንገር ደግሞ አለመሰደብ ያስፈልጋል።

የ2007ቱ የፓትርያርኩ ንግግር የተነገረው ስለ ኤች አይ ቪ ነበር፤ የዛሬው ጸበልተኛ ግን የስኳር፣ የኩላሊት፣ የካንሰር፣ የሚጥል በሽታ ታማሚም ነው። የቲቢ ጉዳይም አለ፤ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት መጠለያ ሳል ያለበትን ለይቶ መመርመር ጸበሉን የሚነካ አይደለም። ሥራው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። በታወቁ የጸበል ቦታዎች አቅራቢያ መድኃኒት የሚያድል ጤና ጣቢያ፣ አጥማቂዎች የትኛው ክኒን ሲቋረጥ በቀናት እንደሚገድል የሚማሩበት ሥልጠና፣ ታማሚው በሠፈሩ ካለው ተቋም ለወራት የሚበቃውን ይዞ የሚሄድበት አሠራር ያስፈልጋል። በጣም የሚከብደው ኢንሱሊን ነው። ክኒን በኪስ ይያዛል፤ ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ከምግብ ሰዓት ጋርም የተያያዘ ነው። ስለዚህ እየጾመ በማለዳ ለሚጠመቅ የስኳር ታማሚ መጠኑን ማን እንደሚያስተካክልለት፣ መርፌውም ቆላ ውስጥ መብራት በሌለበት የጸበል ቦታ የት እንደሚቀመጥለት የጤና ቢሮውና ደብሩ አብረው ተቀምጠው መልስ ሊያበጁለት ይገባል።