የቆላ መንገደኛ ዕቃውን ከየት ይግዛ? ስለ ትልቅ መደብርና ስለ ትንሽ ሱቅ



በከተማ የሚኖር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበርና ከወረቀት ጋራ ሲታገል ሰንብቶ፣ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ጫማውን አጥብቆ ተራራ ለመውጣት፣ ጫካ ለመጐብኘት፣ የዱር አራዊትን በመኖሪያቸው ለማየት መመኘቱ በአገራችን እየተስፋፋ የመጣ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መንገድ ያለ ዕቃ አይኬድምና፣ ከመነሣት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ይኸውም፦ ድንኳኑን፣ ኮዳውን፣ አጎበሩን፣ ባትሪውንና ጫማውን ከዋናው ከተማ ትልቅ መደብር መግዛት ይሻላልን፣ ወይስ ከሚሄዱበት አገር ትንሽ ሱቅ? የሚል ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ፣ የመተማንና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ምሳሌ በማድረግ፣ ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ በሱዳን ወሰን ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ቁልቁል ተጕዞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ወደ ሆነው ሜዳ ይወርዳል። በመንገዱ የዞኑን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃን ያልፋል፤ በመጨረሻም መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከዚያም ማዶ ትንሽ ወንዝ ብቻ ተሻግሮ የሱዳን ከተማ ገላባት ትታያለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ጥቁሩን መሬት ጭቃ አድርጎ የገጠሩን መንገድ ይዘጋዋል።

ከመተማ በስተ ደቡብ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ቋራ ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነው። ስፋቱ ከ2,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ከተከለለው ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋራ ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር አራዊት ጠባቂ ድርጅት የረዳቸው ተመራማሪዎች፣ ራሱ ፎቶግራፍ በሚያነሣ ካሜራና በዱካ ምልክት፣ በዚህ ስፍራ አንበሶች እንደሚኖሩ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የተፈጥሮ ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን አገር ለማየት ቢመኝ ምክንያት አያጣም።

መተማ ንግድን ትናንት የጀመረች ከተማ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች ያስተዳድሩት የነበረ ትልቅ ገበያ ነበራት፤ ቡናና ሰም፣ ጥጥና ከብት ይለወጡበት ነበር፤ የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥበት እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ የወደቁት በዚያው ነው፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው አዳኝና ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር፣ ከባድ ጠመንጃዎቹን ከአገሩ አሠርቶ ቢያመጣም፣ በበረሃው ውሃ የያዘለት ግን የአገሩ ሰው ያለፋው የቆዳ ስልቻ ነበር፤ የአደኑንም ጥበብ ያሳዩት በጐራዴ ዝሆን የሚጥሉት ሐምራን የተባሉት ዓረቦች ነበሩ። እንግዲህ ጥያቄያችን አዲስ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ አለ፤ ከስፍራው የሚገኝ ዕቃ አለ፤ ብልህ መንገደኛ ለሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ይሰጣል።

አሁን የትልቁን መደብር ጥቅም በቅን ልቡና እንናገር። ትልቅ መደብር ዕቃ የሚገዛው በብዛት ስለ ሆነ፣ ከሠሪው ጋራ ዋጋ የመከራከር ኃይል አለው፤ የማጓጓዣውም ወጪ በብዙ ዕቃ ላይ ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዱ ጥቂት ብቻ ይደርሰዋል። ገዢውም አሥር ዓይነት ጫማ ለክቶ፣ አምስት ዓይነት ድንኳን አወዳድሮ ሊመርጥ ይችላል። ለእግር የሚስማማ ጫማ፣ ለወገብ የሚመች የጀርባ ሻንጣ፣ ትክክለኛ ኮምፓስ የመሳሰለው ዕቃ ከትልቅ ከተማ ቢገዛ ይሻላል። አዲስ ጫማ አድርጎ ረጅም መንገድ የሚጀምር ሰው እግሩ ስለሚላጥ፣ ጫማው አስቀድሞ ተገዝቶ በከተማው መንገድ መለማመድ አለበትና ነው።

ነገር ግን ትልቁ መደብር አንድ ጕድለት አለበት። የሚያቀርበው ብዙ ሰው የሚፈልገውን እንጂ፣ አንድ የተለየ አገር የሚጠይቀውን አይደለም። ለዚህም ሦስት ምሳሌ እንሰጣለን።

አንደኛው ድንኳን ነው። በመደብር የሚሸጠው ድንኳን ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለብርዳም አገር ነው። ጨርቁ ነፋስ እንዳያስገባና የሰውን ትንፋሽ ሙቀት እንዳያስወጣ ሆኖ የተሰፋ ስለ ሆነ፣ በስሜን ተራራ ላይ በረከት የሆነው ይህ ዕቃ በመተማ ሜዳ ላይ ምድጃ ይሆናል። በዚያ አገር የሚያስፈልገው ከላይ ጥላ፣ ከጐን ነፋስ፣ ከሥር ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ነው። በጠፍር የተዘረጋ አልጋ፣ ሰሌንና አጎበር ይህን ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ይፈጽማሉ።

ሁለተኛው የውሃ መያዣ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ኮዳ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው። የቆላው ሰው ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልሎ ጆንያውን በውሃ ያርሰዋል። ውሃው ከጆንያው ላይ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፣ በውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። የጥንቱ የቆዳ ስልቻም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ይህን ዕውቀት ከነዕቃው የሚሸጠው ትንሹ ሱቅ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የጤና ነገር ነው። በመተማና በአካባቢው ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈውም የአሸዋ ዝንብ ነው፤ መጠኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ተራ አጎበር ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ይጠለላል፤ የሚነክሰውም በተለይ ከማታ ጀምሮ ነው። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የግራርን ጥላ ወድዶ ከሥሩ ቢተኛ፣ የገዛው ድንኳን ውድ መሆኑ አያድነውም። ቀዳዳው የጠበበና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ከእርሱም ጋራ «ከዚያ ዛፍ ሥር አትተኛ» የሚለው ምክር ያድነዋል።

እዚህ ላይ ብዙ የከተማ ሰው ያላስተዋለውን አንድ ነገር እንግለጥ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ድንኳንና ስንቅ ይዞ ሜዳ ላይ የማደርን ጥበብ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው፣ ለሽርሽር የሚመጣው ጐብኚ አይደለም። የሰሊጡን፣ የጥጡንና የማሽላውን እርሻ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ነው። እርሱ ወራቱን ሙሉ በእርሻ መካከል ያድራል፤ ከፀሐይና ከዝናብ ይጠለላል፤ ውሃ ያጠራቅማል። የገንዳ ውሃ፣ የመተማ ዮሐንስና የገለጉ ባለሱቆችም ላስቲኩን፣ ጀሪካኑን፣ ባትሪውን፣ አጎበሩን፣ ገመዱንና ማጭዱን የሚያከማቹት ይህን ሰው አስበው ነው። ስለዚህ እነዚህ ትንንሽ ሱቆች፣ ማንም እንዲህ ብሎ ባይጠራቸውም፣ የቆላ መንገደኛ እውነተኛ መደብሮች ናቸው። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደ ተባለው፣ በአጠገባችን ያለውን ስለምንንቅ ነው እንጂ፣ ዕውቀቱ በዚያ ነበረ።

እንግዲህ የትንሹ ሱቅ ዋጋ ለምን ይወደዳል? ብሎ የሚጠይቅ አለ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ዕቃ በመርካቶ 100 ብር ቢሸጥ፣ የጎንደር አከፋፋይ 10 ብር፣ የጭነት መኪናው 10 ብር፣ የመተማው ባለሱቅ 15 ብር ቢጨምሩበት ዋጋው 135 ብር ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ ይህ ጭማሪ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ ትንሹ ባለሱቅ ለሚያውቀው ገበሬ ሰሊጡ እስኪደርስ በዱቤ ይሰጣል፤ በሌሊት ሲቀሰቅሱት ይከፍታል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንና ወንዙ መሙላቱን ይናገራል። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት ለብቻው ዋጋ አይጠይቅም፤ ሒሳቡ በዕቃው ላይ ታክሎ ነው።

ይሁን እንጂ ትንሹን ሱቅ ከነውር ሁሉ ንጹሕ አድርገን ልናቀርብ አይገባንም። በሱቆች መካከል ስሙን ብቻ ከታወቀ ዕቃ የተዋሰ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚሸጥ፣ ዋጋውን በእንግዳው ልብስ የሚወስን፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ የሚቈጣ አይታጣም። ዋጋን በግልጽ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት ሕግ ያዘዘው ግዴታ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ነው። እንግዳን የሚያታልል ባለሱቅ አንድ ጊዜ ቢያተርፍ፣ ከተማውን በሙሉ ለብዙ ዘመን ያከስራል።

የውጭውን ዓለም ልምድ ብንመለከትም ትምህርት እናገኛለን። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938፣ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን የተባሉ ባልና ሚስት ከተራራ ወጪ ወዳጆቻቸው ጋራ ሆነው አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ምክንያቱም ጥሩ የበረዶ መውጫ መጥረቢያ በአገራቸው ሱቅ በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ ከኦስትሪያ በቀጥታ ቢያስመጡት እንደሚረክስ በማየታቸው ነው። ያ ማኅበር አር.ኢ.አይ. በሚል ስም አድጎ፣ ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠሩ አባሎች ያሉት ትልቅ ድርጅት ሆኗል። በፈረንሳይ ደግሞ በ1976 በሊል ከተማ አጠገብ ዴካትሎን የተባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ተከፍቶ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የፈረንሳይና የጃፓን መንግሥታት ግን ትልልቅ መደብሮች ትንንሾቹን እንዳይውጡ በመፍራት በ1973 ልዩ ሕግ አውጥተው ነበር፤ ጃፓን የራሷን ሕግ በ2000 ሽራለች።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ፣ ለብዙ ዓመታት ለአገር ውስጥ ነጋዴ ተጠብቆ የቆየው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ በተወሰነ መለኪያ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። የውጭው ትልቅ መደብር ቢመጣ ገዢው ብዙ ምርጫና የተሻለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መደብር ብዙ ሕዝብ ወዳለበት ወደ ዋናው ከተማ እንጂ፣ ፈጥኖ ወደ ገለጉ አይሄድም። የገለጉ ሱቅ ከተዘጋ ግን፣ በመንገድ ላይ ባትሪው የጠፋበት መንገደኛም፣ ልጁ በወባ እንዳይያዝበት አጎበር የሚፈልገው ገበሬም መሄጃ አይኖራቸውም።

ይልቁንም አሁን ያለንበት ጊዜ ጉዳዩን ከባድ አድርጎታል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት ክረምትም በአማራ ክልል ውጊያ ተቀስቅሷል። ስለዚህ ወደዚህ አገር ለሽርሽር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ማረጋገጥ ይገባዋል፤ ሰላም ከሌለም ጉዞውን ማቈየት ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን የዕቃው ዋጋ ይወጣል፤ የባለሱቁም አነስተኛ መነሻ ገንዘብ በዱቤና በኪራይ ያልቃል። ሰላም በሚመለስበት ቀን ጐብኚውን የሚቀበል ሱቅ መኖሩ፣ ዛሬ በእነዚህ ነጋዴዎች መጽናት ላይ የተመሠረተ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጐብኚው ውሃውን፣ ስንቁንና ዕቃውን ሁሉ ከከተማ ጭኖ፣ ፓርኩን አይቶ፣ አቧራ ብቻ አስነሥቶ ቢመለስ፣ የቋራ ሰው ከአንበሳው ምን አተረፈ ሊባል ነው? ከብቱን የሚያጣበት አውሬ ብቻ ይሆንበታል። አልጣሽን ከእሳት፣ ከዛፍ ቈረጣና ከልክ በላይ ከሆነ ግጦሽ የሚጠብቀው በቅርቡ ያለው ሕዝብ ስለ ሆነ፣ የጐብኚው ገንዘብ በሕዝቡ እጅ ማለፍ አለበት።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በሰውነት ልክ የሚመረጠውንና አስቀድሞ መፈተን ያለበትን ዕቃ፣ ይኸውም ጫማውን፣ የጀርባ ሻንጣውንና ኮምፓሱን፣ ከትልቁ መደብር እንግዛ። ከአየሩና ከመሬቱ ጋራ መስማማት ያለበትን፣ ይኸውም የውሃ መያዣውን፣ ሰሌኑን፣ ገመዱን፣ ባትሪውንና ስንቁን፣ ከስፍራው ሱቅ እንግዛ፤ ስንገዛም ጠይቀን እንማር። አጎበርና መድኃኒት ግን የትም ይገዙ የት፣ ያለ እነርሱ ከጎንደር ቁልቁል አንውረድ። ድንኳንን የመሰለ ውድና በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚያስፈልግ ዕቃ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው ከሚገዛው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የእግር ጉዞ ማኅበሮች ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ቢገዙት ይመረጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው አባቶቻችን የተናገሩትን፣ የሲያትል ተራራ ወጪዎችም በራሳቸው አገር በሥራ አግኝተውታል።

ለመተማና ለቋራ መንገድ ሰላሙን እንዲሰጥልን እየተመኘን፣ የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።