ስልኩ «ስታክ» ሲያደርግ

ባለሱቁ ዕቃውን በፌስታል አስሮ ሰጥቷል። ገዢዋ ሂሳቡን ከስልኳ ልታስተላልፍ «ክፈል» የሚለውን ነክታለች። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከኋላ ወረፋ የያዙት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ ሴትየዋ ደጋግማ ትነካለች፤ ክቧ አሁንም ትዞራለች። በመጨረሻ ክቧ ባለችበት ቀጥ ትልና አፑ ምላሽ እየሰጠ እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ባለሱቁም እሷም አያውቁም።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወይ ኔትወርኩን ወይ ስልኩን ይረግማል። «ራሙ ትንሽ ነው»፣ «ስልኩ አርጅቷል» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አፑ ከተጻፈበት ኮድ ውስጥ ነው፤ ኮድ ደግሞ የሰው ሥራ ስለሆነ ይታረማል። እንዴት እንደሚታረም ለማወቅ በመጀመሪያ አፕ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ አፕ አንድ ዋና ሠራተኛ አለው። ፕሮግራመሮች «ሜይን ትሬድ» ይሉታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ጣት ሲነካ ሰምቶ የሚመልሰውም እሱ ነው። ሥራውን በወረፋ ይሠራል፤ የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም።

የሰፈር ጀበና ቡና ላይ ብቻዋን የቆመች ሴት ልክ እንደዚህ ናት። እየቀዳች፣ ሲኒ እየሰበሰበች፣ ሂሳብ እየተቀበለች ብዙ ሰው ታስተናግዳለች። ጥሬ ቡና አጥባ፣ ቆልታና ወቅጣ እስክትመለስ ግን በርጩማ ላይ ያለው ሁሉ ይጠብቃል፤ መልስ ብቻ የሚጠብቀውም ጭምር። ጓዳ ሆና የምትቆላና የምትወቅጥ አንዲት ረዳት ካለች ነገሩ ሌላ ነው። አፕ ውስጥም ፋይል ማንበብ፣ ከሰርቨር መረጃ ማምጣት፣ ፎቶ ማሳነስ የጓዳ ሥራዎች ናቸው። ለሌላ ትሬድ ተሰጥተው ሜይን ትሬዱ ውጤቱን ብቻ መቀበል አለበት። ስታክ የሚያደርጉ አፖች ሲመረመሩ ሜይን ትሬዱ ቡና ሲቆላ ተይዞ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ነው።

ለዚህ ሠራተኛ የተሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው። የብዙ ስልክ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ስለዚህ አንዱን ምስል አዘጋጅቶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 120 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ወደ 8.3 ይወርዳል። ካላደረሰ የቀድሞው ምስል ባለበት ይቆያል፤ ተጠቃሚው ዜናውን ወደ ላይ ሲገፋ ጽሑፉ በኮብልስቶን ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ ይንገጫገጫል። ጉግል ይህን ችግር ፊት ለፊት የተጋፈጠው እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድሮይድ 4.1 ነው። ሥራው «ፕሮጀክት በተር» ተባለ፤ ስክሪኑ ቅቤ እንደተቀባ እንዲንሸራተት ማለት ነው። ዋናው ለውጥ ምስል የሚዘጋጅበት ጊዜ ስክሪኑ ከሚታደስበት ምት ጋር እንዲገጥም መደረጉ ነበር፤ ጭብጨባ ከከበሮ ጋር እንደሚገጥመው። ሜይን ትሬዱ ለጣት ንክኪ 5 ሰከንድ ሙሉ ሳይመልስ ከቀረ ግን ሲስተሙ ራሱ ጣልቃ ይገባና ባለቤቱን «ይዘጋ ወይስ ይጠበቅ?» ብሎ ይጠይቃል። ሱቅ በር ላይ የታየው ጽሑፍ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ገና አፑ ሲከፈት የሚባክነው ጊዜም ቀላል አይደለም። አንድሮይድ ላይ አፕ ከባዶ አይጀምርም። ስልኩ ሲበራ አብሮ የሚነሳ «ዛይጎት» የሚባል ፕሮሰስ አለ። ስሙ ከሥነ ሕይወት የመጣ ነው፤ ሌሎች ሴሎች ሁሉ የሚወጡበት የመጀመሪያው ሴል ማለት ነው። አፖች በጋራ የሚፈልጓቸውን ነገሮች አስቀድሞ ጭኖ ይጠብቃል፤ አይኮኑ ሲነካ ራሱን አባዝቶ ቅጂውን ለአዲሱ አፕ ያስረክባል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የተቀላጠፈ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የአፑ ሠሪዎች ኃላፊነት ነው፤ ብዙው ጊዜ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ የሚያመጣው ላይብረሪ፣ ተጠቃሚ የሚቆጥረው፣ ካርታው፣ የቻት ክፍሉ፣ ሁሉም በመጀመሪያዋ ሰከንድ ካልተነሳሁ ይላል።

ኢንጂነሮች ይህን የሚያዩት «ፐርፌቶ» በሚባለው የጉግል መሣሪያ ነው። ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ይያያዝና አፑ ሲከፈት የሆነው ሁሉ ይቀዳል። ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ መስመር አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ በወሰደው ጊዜ ልክ ባለቀለም ዘንግ ሆኖ ይዘረጋል። ዓይን ቀጥታ ወደ ሜይን ትሬዱ መስመር ይሄዳል። ከአጫጭሮቹ መካከል አንዱ ረዝሞ ተጋድሟል። ስሙ ሲነበብ ለምሳሌ ተጠቃሚው ሦስተኛው ገጽ ላይ ካልደረሰ የማያስፈልገው ካርታ ሆኖ ይገኛል። ካርታውን የሚያስነሳውን አንድ መስመር ኮድ ወደ ሦስተኛው ገጽ ማዛወር ብቻውን የአፑን አከፋፈት ሊለውጠው ይችላል። ጉግል ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከነበረበት ለመከፈት 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚወስድን አፕ «ከልክ ያለፈ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ሌላው ከባድ ነገር ፎቶ ነው፤ እዚህ ላይ ስሌቱን መሥራት ይጠቅማል። ተራ የስልክ ካሜራ 4,000 በ3,000 ነጥብ ያለው ፎቶ ያነሳል እንበል። ፋይሉ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ለመታየት ሲፈታ ግን እያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ትይዛለች፤ ድምሩ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። አፑ ግን የሚያሳየው 200 በ200 የሆነች ትንሽ የፕሮፋይል ምስል ከሆነ የሚያስፈልገው 160 ሺህ ባይት ብቻ ነበር፤ ልዩነቱ 300 እጥፍ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ፎቶዎች በአንድ ገጽ ከተደረደሩ ትንሽ ሜሞሪ ያለው ስልክ አይችላቸውም፤ አፑ ክራሽ ያደርጋል። ፎቶውን ከመፍታት በፊት ወደሚታይበት መጠን ማሳነስ ግን ለፕሮግራመሩ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ሜሞሪ ሲጠብ አንድሮይድ ከጀርባ ያሉ አፖችን ሳያስፈቅድ ይዘጋል። ረጅም ፎርም እየሞላ ያለ ሰው ስልክ ተደውሎለት አውርቶ ሲመለስ የጻፈው ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ገጽ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። አፑ ሊዘጋ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበ ፕሮግራመር የተጻፈውን እየተከታተለ ያስቀምጣል። ያላሰበው ደግሞ ጥሩ ስልክ ይዞ የሠራው ነው፤ በእሱ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። አፖች የሚሠሩት ውድ ስልክና ፈጣን ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ነው፤ የሚውሉት ግን ሌላ ቦታ ነው። ፌስቡክ ይህን የተረዳበት መንገድ በሞባይል ሙያ ውስጥ ዛሬም ይወሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው የምርት ኃላፊዎችንና ኢንጂነሮችን ወደ አፍሪካ ላከ። እዚያው ገበያ ላይ የሚሸጡ የተለያዩ አንድሮይድ ስልኮች ገዝተው የራሳቸውን አፕ ሞከሩ። ቀርፋፋና የሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ ጠባብ ሜሞሪ፤ አፑ ለመከፈት ይዘገያል፣ ደጋግሞም ክራሽ ያደርጋል። የወር ዳታ ፓኬጃቸው በ40 ደቂቃ አለቀ። ኩባንያው በ2014 ይህን ራሱ በይፋ ጻፈ።

ከጉዞው በኋላ የተሠራው ሥራ ከላይ የተባለውን ሁሉ የሚያሳይ ነው። ሲከፈት ወዲያው የማያስፈልጉ ክፍሎች በኋላ እንዲነሱ ተደረገ። ባለሁለት ኮር ስልክ ላይ ጥሩ የሚሄዱ ነገሮች ባለአንድ ኮሩን እንደሚያንቁት ስለታየ፣ ስልኮች በአቅማቸው እየተመደቡ እንደየምድባቸው እንዲስተናገዱ ሆነ። ምስሎች ጉግል በ2010 ወዳወጣው «ዌብፒ» ተቀየሩ፤ ይህ አቀማመጥ ፎቶን ከተለመደው ጄፔግ ሩብ ያህልና ከዚያም በላይ ያሳንሳል። በውጤቱ አፑ የሚከፈትበት ጊዜም የዳታ ፍጆታውም በግማሽ ቀነሰ፤ የአፑ መጠን በ65 በመቶ አነሰ። በ2015 ደግሞ ከ1 ሜጋባይት በታች የሆነው «ፌስቡክ ላይት» ወጣ። በዚያው ዓመት ሠራተኞች በፈቃዳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ለአንድ ሰዓት በ2ጂ ፍጥነት እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ልምድ ተጀመረ። መሐንዲሱ የሠራውን ድልድይ ራሱ እንደሚሻገረው ሁሉ፣ አፕ የሠራውም የተጠቃሚውን መጠበቅ በራሱ ጣት መቅመሱ ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ፕሮግራመር ለዚህ አውሮፕላን አያስፈልገውም፤ መርካቶ ወርዶ ብዙ ሰው የሚገዛውን ርካሽ ስልክ ማንሳት ይበቃዋል። ጉግልም በ2017 ራማቸው 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ለሆኑ ስልኮች «አንድሮይድ ጎ»ን ያወጣው ይህን ተጠቃሚ አስቦ ነው። ለአማርኛ የተለየች አንዲት ነገርም አለች። የግዕዝ ፊደል በተለመደው «ዩቲኤፍ ኤይት» አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ብቻ። «ሰላም» 9 ባይት ናት። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያመላልስ አፕ ጽሑፉን ጨምቆ ካልላከ ከተጠቃሚው ካርድ ያለአግባብ ይቆርጣል።

ክራሽ ከመዘግየት የተለየ በሽታ ነው። ዝነኛው ምክንያቱ «ነል» ይባላል፤ አንድ ነገር አለ ተብሎ ሲጠበቅ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሐሳቡን በ1965 ያመጣው እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር በ2009 ይህን የቢሊዮን ዶላር ስህተቱ ብሎታል። የአንድ የታወቀ ሳይንቲስት እንዲህ በአደባባይ መናዘዝ ሊከበር የሚገባው ነው። በ2011 ይፋ የሆነው «ኮትሊን» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ባዶ ሊሆን የሚችል ነገር ሳይፈተሽ ጥቅም ላይ እንዲውል አይፈቅድም፤ ስህተቱ ተጠቃሚው ጋ ሳይደርስ ገና ሲጻፍ ይያዛል። ጉግል በ2017 ኮትሊንን ለአንድሮይድ ተቀበለ፤ ኮትሊን ያለባቸው አፖች ክራሽ የማድረግ ዕድላቸው 20 በመቶ ያህል እንደሚያንስም ይገልጻል።

ያም ሆኖ ስህተት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ ይቆጠራል። ጉግል በፕሌይ ስቶር ላይ ላሉ አፖች ወሰን አስቀምጧል። በአንድ ቀን ከተጠቀሙት ሰዎች 1.09 በመቶው ክራሽ ያየበት፣ ወይም 0.47 በመቶው ያ «ምላሽ አይሰጥም» የሚለው ጽሑፍ የገጠመው አፕ ወሰኑን አልፏል፤ በመደብሩ ውስጥ በቀላሉ እንዳይታይ ሊደረግም ይችላል። ጥንቁቅ ቡድኖችም አዲስ እትም ለሁሉም በአንዴ አይለቁም። መጀመሪያ ከመቶ ሰው ለአንዱ ብቻ ይደርሰዋል፤ የክራሹ ቁጥር ከፍ ካለ ሥርጭቱ ይቆማል፤ ደህና ከሆነ ይሰፋል።

ሱቅ በር ላይ የቆመችው ሴትስ? የእሷ ችግር ፍጥነት ብቻ አይደለም። ጥያቄዋ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ደግማ ከነካች ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው። በጥንቃቄ የተሠራ አፕ «ክፈል» ተብሎ ሲነካ በመጀመሪያ ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን አንድ ቁጥር አውጥቶ ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚልከው። መልስ ካልመጣ ጥቂት ጠብቆ፣ አሁንም ካልመጣ የሚጠብቅበትን ጊዜ እያረዘመ፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ደግሞ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ቁጥሩን አስቀድሞ ካየው ገንዘብ ሳይቆርጥ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። አፑ መሐል ላይ ቢዘጋ እንኳ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ተቀምጧል። ሴትየዋ መልሳ ስትከፍተው የሚጠብቃት ባዶ ገጽ አይደለም፤ ቀኑና የገንዘቡ መጠን ተጽፎ፣ ከጎኑ «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» የሚል ነው።