በዓለም ገበያ መወዳደር ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ገበያ ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በቦሌ በኩል፣ አትላስ የሚባል ሰፈር አለ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። በዚህ አካባቢ ትልልቅ ሆቴሎችና የስብሰባ አዳራሾች አሉ። አንዳንድ ቀን መኪናዎች ተሰልፈው ታያላችሁ። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «ምንድን ነው?» ብላችሁ ዘበኛውን ብትጠይቁ፣ «የነጋዴዎች ጉባኤ ነው» ይላችኋል። «ስለ ምን ይነጋገራሉ?» ብትሉት፣ «ስለ አገር ተወዳዳሪነት» ይላችኋል።

ተወዳዳሪነት። ቃሉ ረጅም ነው። ነገሩ ግን ከጓዳችን የራቀ አይደለም። ቀስ ብለን እንየው።

በአንድ ሰፈር ሁለት እንጀራ ሻጮች አሉ እንበል። ዋጋቸው እኩል ነው። የአንደኛዋ እንጀራ ሁልጊዜ መጠኑ አንድ ነው፤ ጧት በሰዓቱ ይደርሳል። የሁለተኛዋ አንድ ቀን ያምራል፣ ሌላ ቀን ይሻግታል፤ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ የለም። ደንበኛ ወደ ማንኛዋ ይሄዳል? መልሱን ታውቁታላችሁ። ታዲያ ሁለተኛዋ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች። መብራት ሄዶባት ይሆናል። የጤፍ ዋጋ ጨምሮባት ይሆናል። ልጅ ታሞባት ይሆናል። ደንበኛው ግን ይህን አይጠይቅም። እንጀራውን ብቻ ያያል።

በዓለም ገበያ ላይ አገርም እንዲሁ ነው። የእኛ ቡና ከብራዚልና ከቬትናም ቡና ጋር ይወዳደራል። አበባችን ከኬንያ አበባ ጋር፣ ልብሳችን ከባንግላዴሽ ልብስ ጋር ይወዳደራል። ገዢው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ጥራቱ እንዴት ነው? ዋጋው ስንት ነው? በቀጠሮው ቀን ይደርሳል ወይ?

ስለዚህ ጉዳይ የዓለም ነጋዴዎችና የመንግሥት መሪዎች ይሰበሰባሉ። ከእነዚህ አንዱ «የዓለም የኢኮኖሚ መድረክ» የሚባለው ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት የአፍሪካ ስብሰባውን ከግንቦት 1 እስከ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አድርጓል። አገሮችን እያነጻጸረ በደረጃም ያስቀምጥ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መዝገብ፣ ከ141 አገሮች ኢትዮጵያ 126ኛ ሆናለች። ምን አይቶ ነው? መንገድ፣ መብራት፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሕግ፣ ባንክ፣ ይህንንና ሌላውንም አይቶ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሕዝብ ብዙ ከሆነ፣ የአገሪቱ ደረጃ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። አገራችን የባሕር በር የላትም። ቡናው አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ ወደብ ይወጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር መንገድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የማጓጓዣ ወጪ ከዋጋው ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ቡናችን በዋጋ ርካሽነት ብቻ ማሸነፍ አይችልም። በጥራትና በስም ማሸነፍ አለበት።

ስም ስንል ቀልድ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የኢትዮጵያ ንብረት ሆነው እንዲመዘገቡ አሜሪካን አገር አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ በ1999 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ኩባንያውም ስሞቹን አወቀ። ስም በወረቀት ካልተጻፈ ሌላው ይበላበታል። ከዚህ የምንማረው ይህንን ነው።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ በደረጃ ተመዝኖ ይሸጥበታል። የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳ ላይና በስልክ ይነገር ጀመር። ታዲያ ይህ ማንን ይጠቅማል? ቁጥር ማንበብ የሚችለውን ገበሬ ነው። የማይችለው ግን ደላላው የነገረውን አምኖ ይሸጣል።

ስለ ልብስም እንናገር። በቦሌ ለሚና በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተከፍተው፣ ብዙ ወጣት ሴቶች በስፌት ሥራ ገቡ። ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካን አገር ይገባ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት፣ አሜሪካ ይህንን ዕድል ከኢትዮጵያ ላይ አነሣች። ቀረጥ ሲጨመር ልብሱ ተወደደ። ገዢዎች ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ሥራ ያጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። በጦርነቱ ውስጥ እጃቸው የለበትም፤ ዕዳው ግን ደረሰባቸው። ሰላምም የተወዳዳሪነት አንዱ ክፍል ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። አንዳንድ ሰው «ደመወዛችን ዝቅተኛ ስለሆነ ባለሀብት ይመጣልናል» ይላል። በ2011 ዓ.ም. በሐዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ መሸፈን ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሠራተኞች ሥራውን እየለቀቁ ሄዱ። ሠራተኛ በየወሩ ከተቀያየረ ጥራት ከየት ይመጣል? የራበው እጅ ቀጥ ያለ ስፌት አይሰፋም። እውነተኛ ተወዳዳሪነት በርካሽ ጉልበት አይገነባም። በተማረና በጠገበ ሰው ነው የሚገነባው።

ነገሩ ወደ ቤታችንም ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር አገኘ። ከውጭ የሚመጣውን ዘይትና መድኃኒት የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ብር ከፈለ። አንዱ ውሳኔ ለአንዱ ጥቅም፣ ለሌላው ሸክም ይሆናል። በጉባኤው አዳራሽ ሲነጋገሩ፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ የእኛ መብት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ገበሬ ብትሆኑ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋና ሚዛኑን አንብቡ። ተቀጣሪ ብትሆኑ፣ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ነጋዴ ብትሆኑ፣ ገቢና ወጪያችሁን በደብተር ጻፉ። በአንድ ቀን የተናገራችሁትን ዋጋና ቀጠሮ ጠብቁ። የአገር ስም የሚወጣው ከእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ተጠራቅሞ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ገዢ የሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. ስፌት የሚሠሩት ሴቶች ለምን ሥራ አጡ?
3. በሰፈራችሁ ማን ከማን ጋር ይወዳደራል? ማንስ ያሸንፋል? ለምን?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።