ናሷ ሮለር

«ገጥማለች እኮ!» ይሉኛል ሰዎች፣ የሞተር ክዳን ከፍቼ ሳጉረመርም። አዎ፣ ገጥማለች። ጣና ዳር የጀልባ ሞተር ስጠግን እንደዚህች ቃል ያደከመችኝ የለችም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንድ የዘጌ ጀልበኛ አሮጌ ጆንሰን፣ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት፣ በባጃጅ አስጭነው መጡ። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝ አያ እላቸዋለሁ። ችግሩን ሲነግሩኝ እጃቸው አየር ላይ እጀታ ይጠመዝዛል። «ቀስ ብዬ ሳባብላት ትነሳለች፤ ጋዝ ድንገት ስሰጣት ግን ተንተፋትፋ ልትጠፋ ትደርሳለች።» ካርቡራተሩን ሦስት ሰው አጥቦታል። ካንዴላው አዲስ ነው። ጥፋቱ የከፍታው ነው ብሎ ያሰናበታቸውም አለ። እርግጥ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ግድም ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ከፍታ ግን ሁልጊዜ ነው የሚያደክመው፤ ሲያባብሉት ለቆ ሲያስቸኩሉት አይዝም።

የእነዚህ ሞተሮች ጋዝ መስጫ እንደ ሞተር ሳይክል ካርቡራተሩን በቀጥታ አይስብም። እጀታው ሲጠመዘዝ ከቮላኖው ሥር ያለ ክብ ሳህን ይዞራል። ሳህኑ ሲዞር የካንዴላው ብልጭታ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ከእሱ ጋር የሚዞረው ካም ደግሞ አንዲት ትንሽ ሮለር እየገፋ የካርቡራተሩን የአየር በር ይከፍታል። እሳቱም ነዳጁም የሚታዘዙት ለአንድ እጅ ነው። ሮለሯ ካሙ ላይ ከተቀረጸው ምልክት ትይዩ ስትደርስ በሩ ያኔ መከፈት ይጀምራል። ከቀደመ ነዳጁ መጥቶ እሳቱ ይዘገያል፤ ከዘገየ ደግሞ እጀታው ጥግ ደርሶም በሩ ሙሉ አይከፈትም።

የአያን ሞተር ስከፍት ሮለሯ ናስ ሆና አገኘኋት። የፋብሪካዋ ፕላስቲክ ስታልቅ ቶርኖ ቤት አስቀርጸውላቸዋል። ሥራዋ ያምራል፤ ባለቶርኖውን አልወቅሰውም፣ ያመጡለትን ነው የለካው። ያመጡለት ግን ያለቀችዋን ነው፤ ስለዚህ ማለቋም አብሮ ተቀድቷል። ናሷ ደግሞ ከካሙ ትጠነክራለች። ጣቴን ሳሳልፍ ጥፍሬ የሚገባበት ቦይ አውጥታበታለች። የአንዲት ሮለር ጉዳይ የነበረው አሁን የካምም ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ጥፋት ነው። መለዋወጫ ለማዘዝ የሞተሩ ዓመት መታወቅ አለበት። መያዣው ላይ የነበረው የስም ሰሌዳ ወልቆ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እኔም ክዳኑ ላይ ያለውን ቀለምና ጽሑፍ አይቼ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ እንጂ የዚህ ዓይነቱ ስለማይታሰብ፣ ሚኒሶታ ያለው የእህቴ ልጅ ገዝቶ ለገና በመጣ ሰው ሻንጣ ላከልኝ። ገጠመ! ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አገኙ። የካሙ ጉብታ ግን የሌላ ሞተር ነው፤ ሮለሯ ምልክቱ ጋ ከመድረሷ በፊት በሩ ተከፍቷል። አያ ከኋላዬ ቆመው «እሰይ፣ ገጠመች» ሲሉ ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ባትሪ እያበራሁ ሞተሩን ዳሰስኩት። ብሎኩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ክብ የብረት ድፍን አለች። ሞተሩን የቀባው ሰው ሁሉ በቀለም ስለሚያለብሳት ብዙ ሰው አያያትም። ቤንዚን በነከረ ጨርቅ ስፈትጋት ፊደላት ብቅ አሉ። ጄ ጆንሰን ነው፣ 25 ጉልበቱ፤ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ያሉት ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ፋብሪካው ከ1980 ወዲህ ዓመትን ይጽፍ የነበረው «ኢንትሮዱስስ» በተባለ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ሲጻፍ ዐሥር ፊደል አለው፣ አንዱም አይደገምም። የመጀመሪያው ፊደል 1 ነው፣ ቀጣዩ 2፤ እንዲህ እያለ የመጨረሻው 0 ይሆናል። የእኔ «ሲ» እና «አር» ነበሩ፤ 8 እና 4። የ1984 ሞተር የሌላውን ቆብ ደፍቶ ሲያሞኘኝ ከርሟል።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላም ዕቃው እንደልብ አይገኝም። ጆንሰንንና ኤቪንሩድን ያመርት የነበረው አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ ስሙን የወረሱትም በ2020 የኤቪንሩድን ምርት አቆሙ። የቀረው በየአሮጌ ነጋዴው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። በየካቲት የእህቴ ልጅ ደወለ።

«አጎቴ፣ ቁጥሩ አንድ አይደለም። አንተ የሰጠኸኝ ስድስት አኃዝ ነው፤ ይኼ ፊቱ ላይ ዜሮ አለው። ፓኬቱም ኤቪንሩድ ነው የሚለው። ልተወው?»

«እንዳትተወው!» ጮኼ ነው የመለስኩለት። ሁለቱ ሞተሮች ከስምና ከቀለም በስተቀር መንታ ናቸው፤ ዜሮዋም ኩባንያው እጅ ሲቀይር ከድሮው ቁጥር ፊት የተጨመረች ናት። ዕቃው ያው ነው። ባለፈው ገጥሞ ልክ ያልሆነ ነበር፣ አሁን ደግሞ ቁጥሩ ተለይቶ ልክ የሆነ መጣ።

ለፋሲካ ደረሰልኝ። ሮለሯ ከአንድ ፍሬ ሽምብራ ብዙም አትበልጥም። ቮላኖውን በመንቀያ አውጥቼ ካሙን ቀየርኩ፣ ሮለሯን ምልክቱ ላይ አምጥቼ የበሩን ብሎን አጠበቅኩ፤ ሚኒሞውን ያስተካከልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር ይውላል።

ውኃ ላይ አያ እጀታውን እንደለመዱት ቀስ ብለው ነካኩት። «ስጧት፣ አትፍሯት» አልኳቸው። በአንዴ ጠመዘዙት፤ የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ተነሳና ሁለታችንንም ወደ ኋላ ጣለችን።

ስንመለስ ሒሳቡን ከፍለው ቆሙ። «ናሷስ?»

«ምን ታደርግልዎታለች፣ አያ?»

«ብር አውጥቼባታለሁ» አሉና ተቀብለውኝ የቤታቸው ቁልፍ በታሰረበት ክር ላይ አጠለቋት።