ዋስ
ተከታታይ ታሪክ፦ ክፍል አራት

ካለፈው የቀጠለ፦ ባለቤቴ ካምናው ፍልሰታ ጀምሮ መጠጥ አልቀመሰም ነበር። እሁድ ዕለት የዕቁብ ዕጣ ደረሰንና 120 ሺህ ብር በስሙ ባንክ ገባ። በሳምንቱ ቅዳሜ የጓደኛው አባት ተዝካር ላይ አንዲት እናት «ጠላ እኮ መጠጥ አይደለም፣ ነፍስ ይማር ብለህ ቅመስ» ብለው ቀዱለት። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ሰው አልሆነም። ሐሙስ ማታ ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ሰጠኝና «ከእንግዲህ ብሩ አንቺ ጋ ይሁን» አለኝ። ሒሳቡ ውስጥ የቀረው 4,200 ብር ነው።

ዓርብ ማታ ልጃችንን ሚጢን አስተኛሁና ከደብተሯ አንድ ሉክ ገንጥዬ ዕዳችንን መጻፍ ጀመርኩ። እስከዚያች ሰዓት ዕዳው በሰው አፍ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ በር ላይ ቆሞ ይነግረኛል፣ ሌላው ይደውላል፣ ሌላው ሱቅ ስሄድ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቢያንስ አይጮህም።

መጀመሪያ የባለመኪናውን ጻፍኩ። ባለቤቴ ከመካኒሳ በሳር ቤት አድርጎ ሜክሲኮ የሚጭን ሚኒባስ ይነዳል። መኪናዋ የሰው ናት፤ በቀን 1,500 ብር ገቢ ያደርጋል፣ የተረፈው ለእኛና ለረዳቱ ነው። አምስት ቀን ያለ ሥራ አቁሟታል፤ 7,500። ስፖኪዮ ሰብሯል፤ 2,800። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ ሲባል ሹፌር ሁሉ ፊቱ ይለዋወጣል። ባለመኪናው ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ሹፌር ሰጥቷል። ዕዳው መጣ፣ ገቢው ሄደ።

ቀጥሎ ግሮሰሪው፤ 6,840 ብር ዱቤ። ይህን ለማጣራት ጀርመን አደባባይ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነበር። ባለግሮሰሪዋ ደብተሯን ገልጣ ስታሳየኝ አላፈረችም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ድራፍት፣ ድራፍት፣ ጂን፣ ጂን፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች ሒሳብ፣ ጎኑ ላይ «በሱ ይያዝ»። የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከአደባባይ ከተነሳ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ያስነሳው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፣ 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥም ይከለክላል። የዱቤ ደብተር ግን ማስታወቂያ አይፈልግም። ደግሞስ ሰፈራችን የት ነው? ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ከሞላሰስ አልኮል ሲያወጣ የኖረበት መካኒሳ ነው። ባለቤቴ በደህናው ጊዜ «የፋብሪካው ጎረቤት ሆኜ ነው የተውኩት፣ የኔ ጽድቅ እጥፍ ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

ከቴሌብር በ«እንደኪሴ» 1,460 ብር ወስዷል። ይሄኛው አበዳሪ በር አያንኳኳም፤ ከ127 መልእክት ይልካል፣ ስልኩ ላይ ብር ሲገባ ድርሻውን ያነሳል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም እሱ ተሻለኝ። «ባልሽ እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ የጤፉ ገንዘብ። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤትና ለአንድ ሱቅ አስረክባለሁ። ለጤፍ ነጋዴው የምከፍለውን 9,000 ብር ቁም ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። ነጠላው እንደታጠፈ አለ፣ ብሩ የለም። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ «ስርቆት» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። መለስኩትና «ጤፍ» ብዬ ጻፍኩ።

መጨረሻ ላይ ዕቁቡ። አርባ ነን፣ በየእሁዱ 3,000 ብር እንጥላለን። ዕጣው በ14ኛው እሁድ ስለደረሰን ገና 26 እሁድ፣ ማለትም 78 ሺህ ብር ይቀረናል። ሁለቱ እሁድ ሳይከፈል አልፏል፤ የፊታችን ሦስተኛ ነው። ዕጣ ሳይወጣለት ያቋረጠ ሰው ያሳዝናል፤ ዕጣውን በልቶ የቀረ ሰው ግን አርባ ቤት ያስለቅሳል። ዋስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የእኛ ዋስ ወንድም ጋሼ ነው፣ የእናቴ የበኩር ልጅ።

ደመርኩት። ከዕቁቡ ውጪ 27,600 ብር። እንደገና ደመርኩት፣ ያው ነው። ያልገባኝ ግን ድምሩ አይደለም። የጻፍኩት ሁሉ ዱቤ፣ ብድርና የኔ የጤፍ ብር ነው፤ ከዕቁቡ ገንዘብ አንድም ሳንቲም የለበትም። ባንክ 120 ሺህ ብር ያለው ሰው ለምን በዱቤ ይጠጣል? ለምን ከነጠላ ውስጥ ይፈልጋል?

ገብቼ ጠየቅኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ጨብጧል።

«ጠጣሁት አልኩሽ እኮ።»

«115 ሺህ ብር? በአሥራ ሁለት ቀን?»

«ጋበዝኩም። ጻፊው በቃ፣ በኔ ጻፊው።»

«ሰው በዱቤ እየጠጣ ሰው ይጋብዛል?»

«ሌላውን አትጠይቂኝ» አለኝ። «የማልኩበት ነገር አለ።»

የማለው መጠጥ ላለመቅመስ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የንስሐ አባታችን ፊት፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ፣ እንደዚያ ብሎ ምሎ ነበርና።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ከወንድም ጋሼ ጋር ተያይዘው መጡ። እማማ የልጃቸውን ራስ ዳስሰው አለቀሱ። ወንድም ጋሼ አልተቀመጠም።

«120 ሺህ ብር ጠጣ! ሰው ይህን ያህል ይጠጣል? እኔ ነገ አርባ ሰው ፊት ልቆም ነው! እህቴ፣ ልጅሽን ያዥና ከዚህ ሰውዬ ውጪ። ወይ እሱ ይውጣ።»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ባለቤቴ ግድግዳውን ይዞ ቆመና ወንድም ጋሼን አየው። አንድ ቃል አልተናገረም። ወንድም ጋሼ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቡና የለም እንዴ?» አለ። በሰዓቱ ስካሩን ፈርቶ መስሎኝ ነበር።

ስካር እንኳ አልነበረም። ከሐሙስ ወዲህ አልቀመሰም። እጁ ግን ሲኒ አይዝም፤ ሲኒው ከሲኒ ማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ሲንቀጫቀጭ ሚጢ መጥታ ከእጁ ወሰደችለት። ይህች ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከውጭ ሲገባ ሮጣ ትጠመጠምበታለች፤ ሰው ናፍቆት ይመስለዋል። እኔ አውቃለሁ፤ አንገቱ ሥር ገብታ ታሸተዋለች። ካሸተተች በኋላ ወደኔ ዞራ ወይ ፈገግ ትላለች ወይ ትምህርት ቤት ስላለባት የቤት ሥራ ታወራለች። የቤት ሥራ ካወራች ጠጥቷል ማለት ነው። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ዓመት ሙሉ ትታው የነበረውን ነገር በአንድ ቅዳሜ መልሳ ጀመረች።

ግቢያችን ውስጥ የምትኖረው ሲስተር ቡናውን ልትጠጣ ገብታ እጁን አየች። ነርስ ናት፣ ብዙ አትናገርም።

«መጨረሻ የቀመሰው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ» አልኳት፣ በኩራት ጭምር።

«ሐኪም አይቶታል?»

«ራሱ ነው የተወው።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «በየቀኑ ሲጠጣ የከረመ ሰው በአንዴ ሲያቆም አደጋ አለው። መንቀጥቀጡ መጀመሪያው ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ትኩሳት፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰውም ይጥለዋል። የሚሞትም አለ። መድኃኒት አለው፤ በሐኪም እጅ ነው የሚቆመው። ዛሬውኑ ውሰጂው። ከዚያ በኋላ ለሱሱ ራሱ አማኑኤልም ጳውሎስም ክትትል አለ።»

«አማኑኤል?» አሉ እማማ ብድግ ብለው። «ልጄን አማኑኤል? እብድ ነው እንዴ?»

ይህ ሆስፒታል ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የስንቱን ቤተሰብ ልጅ አክሞ መልሷል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። እማማ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ይሂድ አሉ። ሲስተር «ጸበሉንም ይጠመቅ እማማ፣ ማን ከለከለ? መድኃኒቱ ግን አይቆይም» አለቻቸው።

«በምን ብር?» አለ ወንድም ጋሼ። «ያለውን ሁሉ ጠጥቶት! ሰኞ ጸበል ይሂድ፣ አለቀ።»

ባለቤቴም ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ ግድግዳ ያዘ። ጎትቼ የማወጣበት ጉልበት አልነበረኝም። ሲስተር እሁድ ዕረፍቷ ስለሆነ እኔ ዕቁብ ስሄድ አጠገቡ እንድትቆይ ተስማማን።

የእኛ ዕቁብ የሚጣለው ጎፋ ገብርኤል ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ ሻይ ቤት ነው። ዳኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ሞባይል ጥገና ይሠራል። ወንድም ጋሼ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ዳኛው አጠገብ ተቀምጧል።

ስማችን ሲጠራ ተነሳሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ሰበብ ነበር፤ መኪና ተበላሽቶ፣ ሰው ታሞ። አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

«ባለቤቴ መጠጥ ጀምሮ ነበር» አልኩ። «ሥራውንም አጥቷል። ሦስቱን እሁድ አሁን መክፈል አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ ከእንጀራው በየሳምንቱ 1,500 እጥላለሁ፤ የጎደለው ዕቁቡ ካለቀ በኋላም ቢሆን ይከፈላል።»

ማንም አላጉረመረመም። ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ፣ ተናገርሽው» ስትል ሰማሁ። የእሷን ባል ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ዕቁብ ወታደር የለውም፣ ያለው ዋስ ነው። የጎደለውን ዋስሽ ይሸፍናል፣ አንቺ ለሱ ትከፍያለሽ። ደንባችን ይኸው ነው። ወንድም አይደል?»

ወንድም ጋሼ ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «እኔ የተዋስኩት ለሰው ነው፣ ለጠርሙስ አይደለም! ዋስነቴን አውርዱልኝ!»

«ዕጣ ከወጣ በኋላ ዋስ አይወርድም» አሉ ዳኛው። «ለመሆኑ ገንዘቡ በሙሉ አልቋል? አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ለሰው ተበድሮ እንደሆነስ?»

«4,200 ብር ነው ያለው» አልኩ። «መልእክቶቹን አጥፍቷቸዋል። እኔ ቀሪ ሒሳብ ከማየት በስተቀር አላውቅበትም።»

«እትዬ፣ መልእክቱ ቢጠፋም እዚህ ውስጥ ወጪና ገቢው በየቀኑ ተመዝግቦ ይገኛል እኮ» አለ ጸሐፊው። ስልኩን ሰጠሁት፣ ቁጥሩን ራሴ አስገባሁ። እየነካካ ወደ ታች ወረደ።

«ምን ያስፈልጋል ይሄ ሁሉ!» አለ ወንድም ጋሼ። «ጠጣው፣ አለቀ! የሰው ገመና አደባባይ ማውጣት ምን ይሉታል?»

ጸሐፊው ጣቱ ቆመ። ወንድም ጋሼን አየው፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ለዳኛው ሳያሳይ ለኔ መለሰልኝ። «ይሄን ራስሽ ብታዪው ይሻላል እትዬ።»

በአንድ ጊዜ የወጣ 95,000 ብር። የተቀባዩ ስም ላይ የአባቴ ስም አለ። ከአባቴ ስም ፊት ያለው የወንድም ጋሼ ስም ነው።

ቀና ሳልል ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት።

«ሰውነቱ እሳት ሆኗል፣ ልብሱ በላብ ርሷል። ሚጢን አላወቃትም፤ ግድግዳው ላይ ሰዎች አሉ ይላል። መኪና አስጠርቻለሁ፣ ሐኪም ቤት ይዤው እየወጣሁ ነው። ቶሎ ድረሺ!»

«ምንድነው? ምን አየሽ?» አለ ወንድም ጋሼ። ማን እንደደወለ አልጠየቀኝም። ዓይኑ ያለው ሌላኛው ስልክ ላይ ነው።

ነጠላዬን አነሳሁና ወደ በሩ እየሮጥኩ የዝውውሩን ቀን ደግሜ አየሁት። ብሩ የወጣው ዕጣው በወጣ ማግስት፣ ሰኞ ነው። ተዝካሩ የነበረው ቅዳሜ ነው።

(ሳምንት ይቀጥላል)