አንድ የኢንተርኔት መስመር ለስንት ኮምፒዩተር?

ቢሮ መከራየቱን ትቶ ከመኖሪያ ቤቱ አንዱን ክፍል ጽሕፈት ቤት ያደረገ አስመጪ፣ ኮሚሽን ኤጀንትና ደላላ በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተር፣ የባለቤቱ ላፕቶፕ፣ የልጆቹ ኮምፒዩተርና የቤተሰቡ ስልኮች በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይጠቀማሉ። የጨረታ ሰነድ የሚላክበት ሰዓት ሊያበቃ ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ልጆቹ ፊልም እያወረዱ ከሆነ ሰነዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ወቀሳው አገልግሎት ሰጪው ላይ ቢወርድም፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ ነገሩ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም አንዱ ኮምፒዩተር መስመሩን ለሌሎቹ እንዲያካፍል ቢያስችልም፣ ያ ኮምፒዩተር ሲጠፋ ሌሎቹም አብረው ይቋረጡ ነበር። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ራውተር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው።

የራውተሩ አሠራር ከአንድ ድርጅት መዝገብ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ድርጅቱ ለውጭው ዓለም ያለው አድራሻ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው። ከየክፍሉ የሚወጣው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልሱም ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሲመጣ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ራውተሩም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ ወደ ውጭ የሚሄደውን ጥያቄ ሁሉ ግን በራሱ አንድ አድራሻ ይልካል። ነባሩ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ያለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥር ብቻ በመሆኑ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ አድራሻ ማዳረስ አይቻልም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የመስመር ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 8 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1 ሜጋባይት ነው። 600 ሜጋባይት ፋይል ለብቻው ሲወርድ 10 ደቂቃ ይፈጃል። አራት ኮምፒዩተሮች እኩል እያወረዱ ከሆነ ግን 40 ደቂቃ ይሆናል። ያውም እኩል ከተካፈሉ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት የሚከፍት ፕሮግራም ከድርሻው በላይ ይወስዳል። በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣው ኤዲኤስኤል ላይ ደግሞ የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው በብዙ ያነሰ ነው። በመሆኑም አንድ ስልክ ፎቶግራፎቹን በሙሉ ወደ ውጭ ሲጭን መላው ቤት ይንቀራፈፋል። ውል ከመፈረም በፊት የሁለቱንም ቁጥር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ግድግዳ ነው። ዋይፋይ በብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ይዳከማል፤ በኮንክሪት ወለል ይብሳል፤ በቆርቆሮ ደግሞ ከናካቴው ሊቀር ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ውስጥ ከሆነ የሚያዋጣው ገመድ መዘርጋት ነው። ተራው የኔትዎርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ከግቢ ስፋት አንፃር ከበቂ በላይ ነው። ቦታቸውን የማይለቁት የሒሳብ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር በገመድ ቢገናኙ ዋይፋዩ ለስልኮችና ለላፕቶፖች ይተርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ሰርቪሱ ውስጥ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ እንዳለ ይሰካል። ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ሁለት መዝገብ ቤት ተቋቋመ ማለት ነው፤ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ፤ በዋናው ቤት ያለው ላፕቶፕም ሰርቪስ ውስጥ ያለውን ፕሪንተር ማግኘት ያቅተዋል። የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ የማደል ሥራ አጥፍቶ ገመዱን በውስጥ ሶኬቱ ላይ መሰካት መፍትሔ ነው። ባለሙያ የተጠራ እንደሆነ ይህን አድርጎ እንደሆነ ሳይጠይቁ ሒሳብ አለመክፈል ይሻላል።

መስመር መጋራት የሚያመጣው አደጋም አለ። ለእንግዳ የተነገረ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ከእንግዳው ስልክ ጋር ይሄዳል። የደንበኞች ዝርዝርና የሒሳብ መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ከእንግዶች ስልክ ጋር በአንድ መረብ ላይ መዋል የለበትም። አብዛኞቹ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ መረብ መክፈት ይችላሉ። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ቃሉ ከመሣሪያው ጀርባ ተጽፎ ይገኛል።

መስመሩን ለጎረቤት እያካፈሉ ወርኃዊ ክፍያ መሰብሰብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የኮሙኒኬሽን አገልግሎት መስጠት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ጎረቤት በመስመሩ የሚሠራው ሁሉ የሚመዘገበው በባለ መስመሩ ስም ነው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ራውተሩ ይጠፋል። ራውተር የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። ፋይበር የገባበት ቤት ግን ግድግዳው ላይ ያለችውን መቀበያ ሣጥንም አብሮ እዚያው ዩፒኤስ ላይ መሰካት አለበት፤ አለበለዚያ ራውተሩ መብራቱ እየበራ ኢንተርኔት አይኖርም።